የታረደው አውራ በግ

ትናንት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ በግ የጫነ አይሱዙ ቆሞ አየሁ። ከአንዱ በግ ጆሮ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል። ቁጥሩን ላነብ ጠጋ ስል ሹፌሩ፣ «ትገዛለህ ወይስ ትቆጥራለህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

መሐል ሜዳ በነበርኩበት ዓመት ጓደኞቼ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ነበሩ። ኮምፒውተር በራሴ ተምሬ የበግ አርቢዎች ማኅበር መዝጋቢ ሆኜ ነበር። ማኅበሩ ዘሩ የታወቀ ጠቦት መርጦ ለመንደሩ ሁሉ አውራ ያደርጋል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ግልገል እናትና አባት ይመዘገባል። ክረምቱን ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ይውላል። እኔም ቆሎዬን ብቻዬን እቆረጥማለሁ። ሰላምታ ከመመለስ በቀር ቃል ሳልተነፍስ ያለፈ ሳምንት ነበር።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ጋሼ ተሰማ ከኋላዬ ቆመው ኮምፒውተሩን አዩ።

«የታረደው፣ የተሸጠው ሁሉ እዚህ ምን ይሠራል? አጥፋልኝ! በሕይወት ያለውን ማግኘት አቃተኝ እኮ።»

«ከእንግዲህ ዝርዝሩ ላይ አያዩትም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ግን አልደመሰስኩም። «ተሰርዟል» የሚል ምልክት አድርጌ፣ ምልክት ያለበት ሁሉ ዝርዝሩ ላይ እንዳይታይ አደረግሁ። የታረደ በግም ልጆች አሉት፤ እሱ ከተደመሰሰ አባታቸው አይታወቅም።

ገብሱ ማሸት ሲጀምር የአውራ ምርጫ ሆነ። እትዬ ወርቄ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት፣ አንድ ጠቦት እየጎተቱ መጡ። ካልተመረጠ ለሥጋ ሊሸጡት ነው፤ ባላቸው ካረቡት ዘር የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

«አባቱ ማነው?» አለ ከመራጭ ኮሚቴው አንዱ።

«ባለቤቴ ያሳደገው ጥቁሩ አውራ ነዋ!»

«ምርጫ ሲደርስ የሁሉም ጠቦት አባት ጥቁሩ አውራ ነው፣ እትዬ።» ሰዉ ሳቀ። ጥቁሩ አውራ ታርዶ ስለነበር ዝርዝሩ ላይም አልነበረም።

የተሰረዙትን ከፈትኩ። ጥቁሩ አውራ ቁጥሩ፣ ክብደቱ፣ ልጆቹ፣ ይኸው ጠቦት ጭምር፣ ያረባውም ሰው ስም ሳይቀር ወጣ።

«የባለቤቴንም ስም ይዟል?» አሉ እትዬ ወርቄ።

«ይዟል።»

«እስቲ አንብበው።» አነበብኩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ድገመው፣ ልጄ።»

ጠቦቱ ተመረጠ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «አንተስ እዚህ ማን አለህ?» አሉኝ። የተሰረዙትን ዝርዝር መልሼ ዘጋሁ።

በበጋው የማኅበሩ በጀት ስላለቀ ሥራዬም አበቃ። የመጨረሻው ቀን የሠራተኞችን ዝርዝር ከፍቼ በገዛ ስሜ ላይ ያንኑ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት አደረግሁ።

አይሱዙው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። አሁን በእኔ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ካለ ስሜን አያየውም። ጥቁሩን አውራ ያወጣሁት እኔ ብሆንም፣ እትዬ ወርቄ ባይጠይቁ ኖሮ እዚያው ተሸሽጎ ይቀር ነበር። እኔም እዚያ አለሁ፤ የጎደለኝ የሚጠይቅ ሰው ነው።