የይርጋ ባንድና የአክስቴ ዘፈን

ባለፈው ሳምንት እዚህ እስራኤል፣ ያቭነ ከተማ፣ የምንኖርበት ሕንጻ ሥር ያለውን ሚክላት ሊያጸዱ በሩን ሲከፍቱት፣ የእርጥብ ሲሚንቶና የቆየ ምንጣፍ ሽታ ደረጃውን ይዞ ወጣና አፍንጫዬን መታኝ፤ የገበያ ከረጢቴን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። ሚክላት የቦምብ መሸሸጊያ ስለሆነ ሌላ ሰው ሲሸተው ጦርነት ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን ትዝ የሚለኝ የወንድሜ የይርጋ ባንድ ነው፤ ናፍቆቱም ቢሆን ንዴት ንዴት ይለዋል።

ያኔ የምንኖረው ቂርያት ማላኺ ነበር። እኔ ጎንደር ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ፣ ዕብራይስጡን ኡልፓን፣ የቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ ገብቼ ሳልጨርሰው ቤኤር ቱቪያ ያለ ፋብሪካ የተቀጠርኩ፣ ሰው ፊት ስሜን ስጠየቅ እንኳ ድምፄ የሚጠፋብኝ ልጅ ነበርኩ። ታናሼ ይርጋ ግን እዚሁ ተምሮ፣ ጊታር ለምዶ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሰፈሩን ሚክላት አስፈቅዶ መለማመጃ አደረገው። ከበሮ መቺው ኤሊ የሞሮኮዎች ልጅ ነው፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ሳሻ ደግሞ ከሩሲያ የመጣ፣ ጃዝ ካልሆነ ሙዚቃ የማይመስለው ልጅ። የሚጫወቱት «ፕሮግሬሲቭ ሮክ» ይባላል አለኝ ይርጋ። እኔ የምሰማው ግን እንደ ዘፈን ጀምሮ መሐል ላይ መንገድ የሚስት ነገር ነበር፤ ሮክ ሆኖ ሲጮህ ቆይቶ ጃዝ ሆኖ ያንሾካሹካል፣ ከዚያ የኤሊ ዘመዶች ሰርግ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወጥቶ እንደገና ይጮሃል። ደስ ይላል፤ ግን አያልቅም። እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ «እናንተ ልጆች፣ እየተጫወታችሁ ነው ወይስ ገና እየቃኛችሁ ነው?» ትላቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ ምግብ ይዤላቸው ወርጄ፣ እስኪጨርሱ ስጠብቅ ሳይታወቀኝ የአክስቴን የሙሉን ዘፈን አንጎራጎርኩ። አክስቴ ሙሉ ያሳደገችኝ ናት፤ እኛ ስንመጣ ተራዋ ስላልደረሰ ጎንደር ቀርታ ትጠብቅ ነበር። ዘፈኑ ጥጥ ስትፈትል የምትለው ነው፤ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ማዶ የቀረ ወንድሟን የምትጣራ ሴት ዘፈን። ይርጋ ጊታሩን አስቀመጠ።

«እቴ፣ ይሄንን አንቺው ትዘፍኚልናለሽ። እንቀርጸውና ለአክስቴ እንልክላታለን።»

ለአክስቴ ባይል ኖሮ እሺ አልልም ነበር።

መከራዬ ከዚያ ጀመረ። እኔ የማውቀው ማሲንቆ መቺ ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ድረስ ያቺኑ ዜማ ደጋግሞ እየዞረ ይጠብቃል። እነዚህ ግን የሚጠብቁት ቁጥር ነው። «ሰባት ቆጥረሽ ግቢ» ይለኛል ይርጋ፤ ስለምደው ሳሻ አንድ ነገር ይጨምርና «አሁን አምስት ሆኗል፣ ያላ!» ይለኛል። ፋብሪካ ዕቃ እያሸግኩ በልቤ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ስመለስ ተለውጦ ይጠብቀኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስንለማመድ ሳይረን ጮኸና ጎረቤቱ ሁሉ ከነልጆቹ ወደ ሚክላቱ ወረደ። በሩ ሲዘጋ ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። የእናቴ ወዳጅ እትዬ አዛሉ «አንቺ ልጅ፣ እስኪ ድምፅሽን አውጪውና ዝም ይበሉልን!» አሉኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ዘፈንኩ። ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ ኤሊ በጣቱ ብቻ ከበሮውን እየነካ ጭብጨባውን ተከተለ፣ ይርጋና ሳሻም ቁጥራቸውን ትተው እኔን ጠበቁኝ። እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት። ለመቅረጽ ማንም አላሰበም። የባንዱ ልጆችም በዚያ ቀን በጣም ከመደሰታቸው የተነሳ በማግስቱ ዘፈኑን እንደ አዲስ አፍርሰው ሠሩት።

የተቀረጸው ገዴራ ከተማ፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። የምገባበት ቦታ ሲደርስ ቁጥሩ ከራሴ ላይ በረረ። ይርጋ አንዴ ዞሮ ይመጣልኛል ብዬ ቆምኩ፤ እሱም አሁን ትገባለች እያለ አለፈ። ሳሻ በእኔ ቦታ በኪቦርዱ ገባበት፤ ከገባ በኋላማ ማን ያስወጣዋል! ማይክሮፎኑን እንደ ጧፍ ይዤ እስከ መጨረሻው ቆምኩ፣ ሕዝቡም ቆሞ አጨበጨበ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ ይርጋ ስንወጣ።

«ጠበቅኩህ።»

«እኔም እኮ ጠበቅኩሽ!» አለና ፊቴን አይቶ ለዘብ አለ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ በሚቀጥለው።»

የሚቀጥለው አልመጣም። ይርጋና ሳሻ ወታደር ቤት ገቡ፣ ኤሊም ሥራ ይዞ ሄደ።

ቅጂውን ይርጋ ለአክስቴ ልኮላት ደወለች። «ሰማሁት ልጄ፤ መሣሪያው ጥሩ ነው። አንቺን ግን ብጠብቅ ብጠብቅ አጣሁሽ።» እዚያው በስልኩ ብዘፍንላት ምን ነበረበት? እናቴና ይርጋ አጠገቤ ስለነበሩ አፈርኩ። «እልክልሻለሁ» አልኳት፤ ሳልልክ ዓመታት አለፉ።

አክስቴ በመጨረሻ ተራዋ ደርሶ መጣች፤ አሁን ከእኛ ጋር ናት። ጆሮዋ ግን ደክሟል። የሰጧትን ማዳመጫ «ንብ ይመስል ይጮህብኛል» ብላ አውልቃ ኪሷ ውስጥ ከታዋለች። ሚክላት ሙሉ ሰው ፊት የወጣው ድምፄ ዛሬ ለአንዲት አሮጊት አልደርስ አለ። ቤቱ ጭር ሲል አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠግቼ እጀምርላታለሁ። ከንፈሬን ከንፈሬን እያየች ትቆይና ጉልበቴን መታ ታደርገኛለች።

«ጮክ በይ እንጂ ልጄ!»

ቀና ብዬ አያለሁ። የጎረቤታችን መስኮት ክፍት ነው።