ጋሽ ሽቦ በገና ዋዜማ

ተቀምጦ ሲበላ ያየው ሰው የለም። ሚስቱ እንኳ ባሏ መሆኑን የምታውቀው በአጠገቧ ውር ሲል ስለምታየው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አናቱ ላይ እፍኝ የማትሞላ ጠጉር የቀረችው የጀልባ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ወደቡ በሙሉ ጋሽ ሽቦ ይለዋል። ሰው ቤት ለለቅሶ ሄዶ ሲቀመጥ ዓይኑ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ አለቀ፤ ሐዘንተኛው ተነሥቶ ወንበሩን ይለቅለታል።

ዓመቱን ሙሉ ይህ ጠባይ የሚያቃጥለው ሚስቱን ብቻ ነው። ገና ሲቃረብ ግን የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል። ለሚያፈስ ጣራ አንድ ቆርቆሮ የማይገዙ፣ መንገደኛ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሲጠይቃቸው «አምና ነበር እኮ» የሚሉ ክቡራን የጀልባ ባለቤቶች፣ በዋዜማው ጀልባቸውን ከአፍንጫ እስከ ጭራ በመብራት ካላንቆጠቆጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ለጌታ ልደት ክብር ነው ይላሉ። በረት ውስጥ የተወለደው ጌታ ስንት አምፖል እንደጠየቀ ግን እስካሁን የነገረን የለም።

የሁሉም ቁንጮ ባለ ሆቴሉ ነው። ቦርጩ ከጀልባው ቀድሞ ወደብ ይደርሳል። ዘንድሮ አምፖል አልበቃው ብሎ ድምፅ ማጉያ አስተክሏል፤ ውሃው መሃል ቆሞ ለሕዝቡ የሚናገረው አለው። ሕዝቡ የሚጠይቀው ነገር ነበረው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

ጋሽ ሽቦ ግን በዚያ ቀን ከባለ ሆቴሉ የበለጠ ጉዳይ ነበረበት። ሴት ልጁ ልትመጣ ነው።

ልጅቷ ከሠርጓ ወዲህ አባቷን አላናገረችም። ምክንያቷ በፎቶግራፍ የተያዘ ነው። ሙሽሪት መሃል፣ ሙሽራው በቀኝ፣ እናት በግራ፤ ከእናትየው ጎን አባት ሊቆምበት በሚገባው ቦታ ላይ አንድ መሰላልና ሁለት እግር። የአዳራሹ መብራት ተንቀጥቅጦበት ነበር። «ሌላውን ሰው አባቱ ይድረዋል፣ እኔን የዳረኝ የአባቴ ጫማ ነው» ብላ ከባሏ ጋር ውሃውን ተሻገረች፤ በዚያው ቀረች። እናቷ በስልክ ስታባብል፣ ስታለቅስ፣ ስትቆጣ ከርማ፣ በመጨረሻ ለገና እሺ አሰኘቻት።

ጠዋት ሚስትየው በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች።

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ዋዜማ ነዋ።»

«ሌላስ?»

«ባለ ሆቴሉ ምሰሶው ላይ ኮከብ ስቀልልኝ ብሏል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ትመጣለች። አመሻሽ ላይ በሚገባው ጀልባ። ያለችውን እስቲ በልልኝ።»

እንደ ተማሪ በቃሉ ተወጣው። «ወደቡ ላይ ቆሞ ካልተቀበለኝ፣ ሳልወርድ በዚያው ጀልባ እመለሳለሁ።»

«ቆሞ ነው ያለችው። ተንጠልጥሎ አላለችም።»

«ቆሜ ነው የምጠብቃት አልኩሽ እኮ።»

«እግርህን ስታወዛውዝ እያየሁህ?»

እግሩን አቆመ። ጣቶቹ ቀጠሉ።

ይህ ሰው ጸሎት ሲረሳ ያልረሳት አንዲት ሕግ አለችው፤ ለመብራት ሌላ ባትሪ፣ ለሞተር ሌላ ባትሪ። ሞተር የሚያስነሣውን ባትሪ ለጌጥ የሚነካ ጀልባ አዋቂ ነኝ ባይ ካገኘ፣ «መሃል ላይ ስትቀር በመዳፍህ ትቀዝፋለህ» ብሎ በሰው ፊት ያዋርደዋል። የባለ ሆቴሉ ጀልባ ላይም እንደ ሕጉ ሠራ። የመብራቱን ባትሪ ከኋላ አስቀመጠ፣ ክሮቹን ዘረጋ፣ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ኮከቡን ሰቀለ። ኮከቡ በራ፤ ግን ፈዘዘ። ድምፅ ማጉያው ባትሪውን ይመጥጠዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ፈዛዛ ኮከብ ይበቃል ብሎ ይወርድ ነበር። ጋሽ ሽቦ አላስቻለውም። ለሙከራ ያህል፣ ለአንድ አፍታ፣ ኮከቡንም ድምፅ ማጉያውንም ከሞተሩ ባትሪ ጋር አገናኘ። ኮከቡ ቦግ አለ። ሊነቅለው እጁን ሲሰድ ከኋላ አንዲት አረንጓዴ አምፖል ድርግም አለችበት። ወደ እሷ ሮጠ። ከእሷ ወደ ቢጫዋ። ከቢጫዋ ሲመለስ ሚስቱ ከወደቡ ትጣራ ነበር፤ ፒንሳውን ኪሱ ከትቶ ወረደ። ሽቦው ሳይነቀል፣ ሕጓ እዚያው ጀልባው ሆድ ውስጥ ተረስታ ቀረች።

ታጥቦ፣ ኮት ለብሶ፣ ሚስቱ ጎን ቆመ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ሰው ወደቡን ሞልቶታል። የመብራት ጀልባዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ በፊታቸው ያልፋሉ። ሚስትየው የኮቱን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች።

«አትመልከት።»

«አላየሁም።»

«እያየህ ነው።»

«ያቺ ቀይዋ ብቻ… ፕላስተሯ ለቆ ነው። የአፍታ ሥራ ናት።»

«ባሌ፣ በልጄ ይዤሃለሁ።»

የባለ ሆቴሉ ጀልባ ጠርዙን ታክኮ ሲያልፍ ቀይዋ ሦስቴ ጠቀሰችው። ኮቱ ሚስቱ እጅ ላይ ቀረ። እሱ ጀልባው ላይ ነበር።

ቀይዋን ጠግኖ ቀና ሲል ወደቡ ርቋል። ነጂውን «መልሰኝ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ባለ ሆቴሉ ሞተሩ ንግግሬን ይውጠዋል ብሎ አስጠፋው። ከዚያም ተናገረ። እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ራሱን አመሰገነ፣ ሆቴሉን አመሰገነ፣ ወደ ራሱ ተመለሰ። ጋሽ ሽቦ ከወዲህ ወዲያ ይንቆራጠጣል፤ የልጁ ጀልባ ከማዶ ነጥብ አክላ ብቅ ብላለች። ንግግሩ ሲያልቅ ነጂው ሞተሩን ሊያስነሣ ቁልፉን ጠመዘዘ።

ጢቅ አለ። ደግሞ ጠመዘዘ። ጢቅ።

ጋሽ ሽቦ ቀና ብሎ ኮከቡን አየ። ማንም ሳይነግረው ገባው። ያ ሁሉ ንግግር የበላው የሞተሩን ባትሪ ነው።

ነፋሱ ያንን ሠርግ ቤት የመሰለ የሚያብረቀርቅ ጀልባ እየገፋ፣ ልጁን በያዘችው በመደበኛዋ የመንገደኛ ጀልባ መንገድ ላይ አጋደመው። ጀልባዋ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ነጂዋ አንገቱን አወጣ።

«እናንተ፣ ሆቴሉ መንገድ ላይ ተከፈተ እንዴ?»

መንገደኛው ሳቀ። አንዲት ሴት ግን ሳትስቅ ወደ ጠርዙ መጣች።

«አባባ?»

«ልጄ።»

«ወደቡ ላይ ቆመህ ትጠብቀኛለህ ነበር የተባለው።»

«ቆሜ ነበር። እናትሽን ጠይቂ። ኮቴ አሁንም እዚያው ቆሟል።»

ከንፈሯ ሊስቅ ፈልጎ ከለከለችው። «መሰላሉስ የታል?»

«ዛሬ መሰላል የለም» አለ፤ የሚዋሽበት ነገር አጥቶ አንገቱን ደፋ። «ቀይ አምፖል ነበረች። አላስቻለኝም። የሞተሩንም ባትሪ የጨረስኩት እኔው ነኝ።»

ባለ ሆቴሉ ይህን ሲሰማ ፊቱ ቀልቶ ከቀይዋ አምፖል በለጠ። የመደበኛዋ ጀልባ ነጂ የመጎተቻ ገመድ ወርውሮ አስሮላቸዋል፤ ያ ደግሞ ለባለ ሆቴሉ ሞት ነው። በሕዝብ ፊት በገመድ እየተጎተተ ሊገባ ነው።

«ጋሽ ሽቦ፣ የመብራቱን ባትሪ ወደ ሞተሩ አዙረው። ትንሽ ሥራ ነው፣ አንተ ትችላለህ።»

ይችላል። እጁ ፒንሳው ላይ ደርሷል። ልጁ እጁን እያየች ሻንጣዋን ከወለሉ አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው፣ ሳትወርድ እንደምትመለስ ሰው።

ጋሽ ሽቦ ፒንሳውን ለባለ ሆቴሉ አቀበለው። «ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር» ብሎ፣ ጠርዙን ተሻግሮ ወደ ልጁ ጀልባ ዘለለ።

ባለ ሆቴሉ ፒንሳውን እንደ ሞተ ዓሣ ይዞት ቀረ።

አባትና ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለሚጎተተው ጀልባ ሰጥተው። ስለ ባሏ ነገረችው፣ ስለ ቤቷ ነገረችው። ከኋላ ባለ ሆቴሉ የሆነ ሽቦ ከሆነ ሽቦ ጋር ሳያገናኝ አልቀረም፤ መጀመሪያ ጭራው፣ ከዚያ ጎኑ፣ ከዚያ ኮከቡ ድርግም አለ። ከወደቡ ሳቅ ተነሣ። የጋሽ ሽቦ የአንገት ጅማት ተገተረ፣ ጆሮው ቀላ፣ ጉልበቱ ራሱን ችሎ ይዘል ጀመር። ልጁ መዳፏን ጉልበቱ ላይ ጫነች።

«ጠፋ አይደል?» አላት።

«ሙሉ በሙሉ።»

«እሺ» አለ፤ «ስለ ቤትሽ ነበር የምትነግሪኝ።» ወደቡ እስኪደርሱም ዞሮ አላየም።