መስኮት ዝጊ፣ መስኮት ክፈቺ

አውሮፕላኑ የሚነሳው ማታ ነበር፤ ለእኔ ግን ስደቱ የጀመረው ከሰዓት በኋላ ከእንሴኖ በወጣው ሚኒባስ ውስጥ ነው። እማ ካልሸኘሁሽ ብላ ድርቅ አለች። ወንድሜ ነስሩም ባጃጁን ለጓደኛው ሰጥቶ መጣ፤ ሦስታችን የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቀን ተቀመጥን። ቡታጅራን አልፈን ቡኢ ስንደርስ ሙቀቱ ያፍናል። አንድ ጎልማሳ መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ቢያደርግ ጉድ ፈላ!

«ወንድም፣ ዝጋው እንጂ! በንፋስ ልታስመታን ነው እንዴ?» አለች ከፊት የተቀመጠች ሴትዮ። «እናትየዋ እንደዚህ እያሳሉ አትሰማም?»

እናትየዋ የኔዋ እማ ናት። በሻርፗ አፏን ይዛ ትስላለች። «ብርድ ነው፣ ያልፋል፤ አንተ ብቻ ዝጋልኝ» አለችው። መስኮቱ ተዘጋ፤ እስከ አዲስ አበባ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየተቀበለ ሄድን።

እንግዲህ እወቁልኝ፤ እኔ ሙኒራ፣ ቡታጅራ ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው አክታ በማይክሮስኮፕ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጀርመን የምሄደውም የቲቢ ባክቴሪያ ከሰውነታችን መከላከያ ጋር እንዴት እንደሚታገል ላጠና ነው። እማን ተመርመሪ ብዬ ስንቴ ለመንኳት! «አንቺ መጀመሪያ በሰላም ግቢ፣ ከዚያ እመረመራለሁ» ትለኛለች። ኤርፖርት ደርሰን ልስማት ስጠጋ ፊቷን ወዲያ አዞረችና ትከሻዬን ብቻ ያዝ አድርጋ «በይ ሂጂ፣ አላህ ይጠብቅሽ» አለችኝ። በጣም ተቀየምኳት። ሰው ልጁን አገር ጥላ ስትሄድ አይስምም?

ጀርመኖች ማታ ቀዝቃዛ ዳቦ በቀዝቃዛ አይብ በልተው ይተኛሉ። ይሄን ያህል ብርድ ባለበት አገር አንድ ትኩስ ነገር ነውር ነው? የምግቡንስ ቻልኩት፤ ያልቻልኩት አከራዬን ነው። ፍራው ክራውዘ ትባላለች፤ ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በሬን አንኳኩታ ገባችና ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች፣ አሸተተች።

«መስኮት አትከፍቺም» አለችኝ።

«ብርድ ነዋ።»

«ጠዋትና ማታ ሉፍተን ማድረግ ግዴታ ነው። ውሉ ላይ አለ።» ሉፍተን ማለት ቤትን ማናፈስ ነው። የፈረምኩት ውል ላይ እውነትም አለ!

«ፍራው ክራውዘ፣ ውጭ በረዶ እየጣለ እኮ ነው።»

«አያለሁ። ለዚህ ነው አምስት ደቂቃ ብቻ የምልሽ።»

«እኛ አገር ንፋስ ሰውን ያሳምማል።»

«እኛ አገር የሚያሳምመው የታፈነ አየር ነው» ብላ መስኮቱን ራሷ ወለል አድርጋ ከፈተችው። እኔ ካፖርቴን ደርቤ አልጋ ላይ ወጣሁ፤ እሷ በስስ ሹራብ ቆማ ታየኛለች። «ለመሆኑ የምታጠኚው ምንድን ነው?»

«ቲቢ።»

ወደ በሩ ፈቀቅ አለች። «ወደ ቤት ይዘሽው አትመጪም አይደል?»

«ኧረ በፍጹም!» ብዬ ማልኩላት።

ለካ ይዤው መጥቻለሁ። ላቦራቶሪ ሳልገባ በፊት የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ደም ወሰደብኝ። ደሜን ከባክቴሪያው ፕሮቲን ጋር ቀላቅለው ያሳድሩታል፤ ባክቴሪያውን ከዚህ በፊት የሚያውቁት ሴሎች ካሉ ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫሉ፣ እሱ ይለካል። ይህን ምርመራ በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ፤ የራሴ ደም ይመልሳል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

«ሳንባሽ በራጅ ንጹሕ ነው፤ ለሰው አታስተላልፊም» አለኝ ሐኪሙ። «ግን ባክቴሪያው ውስጥሽ ተኝቷል። ቤተሰብ ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?»

«ብርድ ነው» አልኩት፣ ልክ እንደ እማ።

ደነገጥኩ ብላችሁ ውሸቴን ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ መገረም ነው። ማክሮፋጅ የሚባለው የሰውነታችን ዘበኛ ባክቴሪያውን ይውጠዋል፤ መግደል ሲያቅተው ግን ሌሎቹ ሴሎች ይመጡና ዙሪያውን ከበው ይጠቀልሉታል። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቆየው ባክቴሪያውም እዚያው ይቆያል፣ አይሞትም። ዓመታት ይጠብቃል። በብዙ ሰው ላይ ዕድሜ ልኩን አይነሳም፤ በአንዳንዱ ላይ ይነሳል። ለምን በዚያ ላይ ተነስቶ በዚህ ላይ ተኛ? የኔ ጥናት ይኸው ነው፤ በማይክሮስኮፕ የማያቸው የሌላ ሰው ሴሎች ሲሆኑ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ደረቴን እየነካሁ «እናንተስ እንዴት ናችሁ?» እላለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ምርመራው አለ ወይም የለም ይላል እንጂ መቼና ከማን እንደያዘሽ አይነግርም። ከላቦራቶሪው አክታ ይሆን? ከልጅነቴ ጎረቤት? ሳውጠነጥን ሳውጠነጥን ኤርፖርት ላይ የዞረብኝ የእማ ፊት ትዝ አለኝ። ወዲያው ነስሩ ጋ ደወልኩ።

«የእማ ሳል ተዋት?»

«ኧረ ብሶባታል። ግን አታስቢ፣ ብርጭቆዋን ለይታለች።»

«ምን?»

«ብርጭቆዋን፣ ሳህኗንም። ሂክማ እንዳትነካባት ላይ ቆጥ ነው የምታስቀምጠው።» ሂክማ የነስሩ ልጅ ናት፤ ገና ሦስት ዓመቷ ነው።

«ሂክማ የምትተኛው የት ነው?»

«ከእማ ጋር ነዋ፣ ሌላ የት ትተኛለች?»

«መስኮቱስ?»

«አንቺ ደግሞ! የሚያስል ሰው ያለበትን ቤት መስኮት ማን ይከፍታል?»

አይ የኛ ነገር! ብርጭቆ ለይተን አየሩን እንካፈላለን። ቲቢ በብርጭቆ አይሄድም፣ በትንፋሽ ነው የሚሄደው። ነስሩ ላይ ጮኽኩበት፤ እሱ ምን ያድርግ፣ ከእናቱ የተማረውን ነው። ስልኩን ለእማ ስጣት አልኩት።

«እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትመረመሪም?»

«ተመርምሬ ነው ቢሉኝስ? እናቷ ሳንባዋን ታማለች ብለው ቪዛሽን ቢያስቀሩትስ? ስንት ዓመት የለፋሽበት! ውጬው ልቆይ አልኩ።»

«ለዚህ ነው ያልሳምሽኝ?»

«ትንፋሼ እንዳይነካሽ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

አለቀስኩ። ንዴቴም አልቀረም። «ያን ሁሉ መንገድ አጠገቤ ተቀምጠሽ መስኮቱን አዘግተሽ የለ!»

«ታዲያ ንፋስ ይምታሽ?» አለችኝ፣ ከልቧ።

ከዚህች ሴት ጋር ምን ይባላል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የኔዋ ደግሞ የደበቀችው ለኔ ስትል ነው። «እማ፣ አሁን እኔ ገብቻለሁ፣ የሚመልሰኝ የለም። አሁን ትንፋሽሽ ሥር ያለችው ሂክማ ናት» አልኳት። የሂክማን ስም ስትሰማ ለቅሶዋን ሰማሁት። በማግሥቱ ነስሩ በባጃጁ ይዟት ሄደ፤ አክታዋን ሰጠች፣ ቲቢ ነው ተባለ፣ የስድስት ወር መድኃኒት ተጀመረላት። ሂክማም ተመረመረች፤ በሽታው አልታየባትም፣ ግን መከላከያ ኪኒን ጀምራ በሐኪም ትታያለች። የሕፃን ሰውነት እንደኛ ጠቅልሎ ማስቀመጥ እንደማይችል ስለማውቅ፣ በየቀኑ የምደውለው ስለ እሷ ልጠይቅ ነው። እውቀት አንዳንዴ እንቅልፍ ይነሳል።

እኔም የተኛው እንዳይነሳብኝ መድኃኒት ጀመርኩ። አንድ ቀን እማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሙኒራ፣ ሰው እንዳይሰማሽ፤ ሽንቴ ብርቱካን ሆነ» አለችኝ።

«የኔም።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ! ኪኒኑ ነው፣ አንድ ዓይነት ነው የምንውጠው።»

እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ «ብርቱካኑ እንዴት ነው?» ሆኗል ሰላምታችን።

ትናንት በቪዲዮ ደወልኩ። እማ ጋቢ ተከናንባ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርባ፣ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ሂክማ አሁን ከእናቷ ጋር ነው የምትተኛው፤ ከጓሮ ድምጿ ይሰማል።

«ይኸው ያልሽውን አድርጌያለሁ፤ መስኮቱ ወለል ብሏል» አለችኝ እማ። «ከቲቢው ብድን ከንፋሱ አልተርፍም። ጎረቤቱ ሁሉ እነ እገሌ አብደዋል እያለ ነው። ያንቺስ ተከፍቷል?»

ከፍቼ አሳየኋት፤ በረዶው ገባ። «ያ ረቢ!» አለች።

«እማ፣ ስልኩን እስኪ ወደ መስኮቱ አዙሪልኝ።»

አዞረችው። ከሄድኩ ጀምሮ ጓሯችንን አላየሁትም ነበር። እንሰቱ ትልልቅ ቅጠሉን ንፋስ እያገላበጠው ቆሟል፣ ሂክማ ከሥሩ ጭቃ ታቦካለች፣ የባጃጅ ጥሩምባ ከመንገድ ይሰማል።

«አየሽ?» አለች እማ፣ ከስልኩ ጀርባ። «በይ በቃ፣ በረደኝ፣ ልዝጋው?»

«አትዝጊው እማ» አልኳት። «ትንሽ ቆዪልኝ።»