ክስ የተየብሁበት የጌም ማሽን

ሥራ የጀመርሁ ቀን ጋሽ መርሻ ወንበር አልሰጡኝም። ቆቦ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አንድ ክፍል ጽሕፈት ቤት ነበራቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ የታይፕ ሰርተፍኬቴን ይዤ፣ ጣቶቼን አፍታትቼ ነው የሄድሁት። እሳቸው ግን በእጅ የተጻፈ የማመልከቻ ክምር አምጥተው "ቁሚና አንብቢልኝ" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ጭረት ሳነብ ዋልሁ። ሊዘጉ ሲሉ "ታይፕ የሚመታ ሞልቷል፤ የተጫረ የሚያነብ ነው የጠፋው" አሉና ነገ እንድመጣ ነገሩኝ።

ያን ጊዜ ሥራችን ማዕረግ ነበረው። ደጅ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ የባለጉዳዩን ነገር ሰምቶ በእጁ የሚያረቅቀው ማመልከቻ ጻፊ ትልቁ ነው። ቀጥሎ እኛ በታይፕ የምንመታው እንመጣለን። ከታች ደግሞ ካርቦን የሚደርበው ተለማማጅ አለ። ጋሽ መርሻ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ጸሐፊ የተባለውን ይጽፋል፣ የመሰለውን አይጽፍም። ይህን ሕግ አንዴ ጥሼ "ሚስቴ" የሚለውን "የቀድሞ ሚስቴ" ብዬ ባሳምረው፣ ባልየው ወረቀቱን ይዞ እየጮኸ ተመለሰ። ለካስ ታርቀዋል።

ጋሽ መርሻ አርፈው ቤቱ ሲዘጋ፣ እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ የራሴን ከፈትሁ። ጊዜው የኮምፒውተር ሆኗል። አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቼ ጥቂት ዓመት ደህና ሠራሁ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሥሩ ጢስ ጢስ ሸተተኝ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና "ተቃጥሏል፣ አይሆንም" ብሎ መልሶ ዘጋው።

ታናሽ እህቴ ፋጡማ ያን ጊዜ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። በእኛ አገር ስደት ላይ ላለ ሰው ክፉ ነገር አይነገርም። ዘመድ ቢሞት እንኳ "ደህና ነው፣ ገጠር ወርዷል" ይባላል፤ መርዶው ሲመለስ ይጠብቀዋል። የኮምፒውተሩንም ነገር ልደብቃት ነበር፤ እናታችን ናት በስልክ ያመለጣት። ፋጡማ የምትደውለው በአሠሪዋ ስልክ ስለሆነ ወሬ አታስረዝምም። "አብሽሪ እታለም፣ ዕቃ እልክልሻለሁ። ሠርተሽ ትበይበታለሽ" ብላ ዘጋች።

ዕቃውን ከጅዳ የተመለሰች ሴት በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ከባድ ነገር ነው። አብሮት ሁለት ቀንድ ያለው እጀታ አለ። እንዲህ ያለውን እጀታ ሮቢት ከተማ ጌም ቤት ውስጥ ጎረምሶች ሲጨቃጨቁበት አይቻለሁ፤ ፕሌስቴሽን ይሉታል። እኔ ኮምፒውተር ስጠብቅ መጫወቻ መጣ ብዬ ደነገጥሁ።

ቢሆንም የእናታችንን ቴሌቪዥን ተሸክሜ አምጥቼ ሰካሁት። ኳስ ይመጣል ስል ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወርድ ጀመር። ከላይ ሁለት ወፍራም ወፎች ቁጭ ብለዋል። ዶሮ አይደሉም፣ ዳክዬም አይደሉም። ጽሑፉ ወርዶ ወርዶ ሲያበቃ የኮምፒውተር ገጽ የሚመስል ነገር መጣ። ከተቃጠለው የተረፉትን ማውስና ኪቦርድ ብሰካበት ቀስቷ ተንቀሳቀሰች። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ አላውቅም፤ በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ።

ጎረቤቴ መምህር ዳዊት ኮምፒውተር ያስተምራል። ጠርቼ አሳየሁት። ዞሮ ጀርባውን አየ፣ አጠፋው፣ አበራው።

"ማሽኑ የጌም ነው" አለ። "ውስጡ የተጫነው ግን ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሲስተም ነው። የሆነ ሰው ሆን ብሎ ጭኖበታል።"

"ታዲያ ጌም ነው ወይስ ኮምፒውተር?"

"ሁለቱም ነው።"

"አንድ ዕቃ እንዴት ሁለቱም ይሆናል?"

"ዘይነባ፣ እኔም እንዲህ ያለ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።"

"ማን ይጭንበታል?"

ትከሻውን ነቀነቀ። "ኮምፒውተር ነው ብሎ ለመሸጥ ነጋዴው ይሆናል እንጃ።"

እኔ "እንጃ"ውን አልሰማሁም። እህቴ የሰው ወለል አጥባ ባጠራቀመችው ገንዘብ መጫወቻ ሸጡላት ብዬ ደሜ ፈላ። የማላውቀውን ነጋዴ አንድ ሳምንት ሙሉ ስረግመው ከረምሁ። ለእሷ ግን አልነገርሁም። ተታለልሽ የሚል ወሬ እዚያ ሆና ብትሰማ ልቧ ይሰበራል። ስለዚህ ወሰንሁ፤ እስክትመጣ ድረስ ይህ ነገር በግድ ኮምፒውተር ይሆናል፣ ድካሟም መና አይቀርም።

መወሰኑ ቀላል ነበር። አማርኛ ስጽፍ የሚወጣው ባዶ ባዶ ሳጥን ነው። መምህር ዳዊት ወልድያ ካለ ጓደኛው ፊደሉን በፍላሽ አምጥቶ ጫነልኝ። ሳጥኑ ፊደል ሆነ፤ የቁልፉ አቀማመጥ ግን እጄ ከለመደው ሌላ ነው። ለዓመታት ሳላይ የምመታ ሴትዮ፣ እንደ ጀማሪ ባንድ ጣት ፊደል ፍለጋ ገባሁ። ደንበኞች ያዩኛል፣ እኔ ያልበኛል። አንዷማ "አሞሽ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

ፕሪንተሬን ማሽኑ አላውቅህም አለው። ስለዚህ የጻፍሁትን ፒዲኤፍ አድርጌ፣ በፍላሽ ይዤ፣ መንገዱን ተሻግሬ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ነበር የማትመው። ረዘም ያለ ጽሑፍ ስከፍት ደንበኛው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። የቆቦን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ማሽኑ ከቀትር በኋላ እንደ ወፍጮ መጮህ ይጀምራል። ጡብ ላይ አስቀምጬ ቬንትሌተሩን ወደ እሱ አዞርሁለት። እኔ በወረቀት አራግባለሁ።

ከሁሉ የባሰው ቴሌቪዥኑ ነው። የገጹን ዳርና ዳር ይቆርጠዋል፤ ከላይ ያለው መስመር ጭራሽ አይታይም። የከሳሽን ስም በግምት ነበር የምጽፈው። አባ ይማም የሚባሉ የቆላ ገበሬ የድንበር ክስ ሊያስጽፉ መጥተው ከጎኔ ተቀምጠው ያያሉ። ማንበብ ያውቃሉ።

"ስሜ የት ሄደ?" አሉኝ።

"ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ጀርባ ነው አባ። አለ፣ አይታይም እንጂ።"

"ታዲያ ዳኛው ከጀርባ ዞረው ሊያነቡት ነው?"

"ወረቀት ላይ ይወጣል።"

"አንቺ አይተሽዋል?"

"አላየሁትም።"

አባ ይማም ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ። "እኔ መሬቴ የት እንዳለ እያየሁት ነው ያጣሁት፤ አንቺ ያላየሽውን አለ ትያለሽ" አሉና፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ከወንበሩ አልተነሡም። ስማቸው ወጥቶ ነበር። ደግመው ደጋግመው አነበቡት፤ ሲሄዱ ግን ቴሌቪዥኑን በጥርጣሬ አይተውት ነው የወጡት። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደሳቸው ነበርሁ። ያን ዕቃ አንድም ቀን አምኜው አላውቅም።

ፋጡማ ትደውላለች። "ማሽኑ ይሠራል?" ትለኛለች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ይሠራል።"

"ወጣቶች ይመጣሉ?"

ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎች ማመልከቻ ሊያስጽፉ ስለሚመጡ "ይመጣሉ" እላታለሁ።

"ይጣላሉ እንዴ?"

ግራ ገባኝ። ክስ የሚያስጽፍ ሰው መቼም ተዋዶ አይመጣም። "ተጣልተው ነው የሚመጡት" አልኋት። ሳቋ አልቆም ብሏት ሳትሰናበተኝ ስልኩ ተዘጋ። ለምን እንደሳቀች ሳስብ ዋልሁና፣ አገር ናፍቋት ነው ብዬ ተውሁት።

በዚህ መሃል ከቀበሌ አቶ አራጌ የሚባል ሰው መጣ። ከትምህርት ቤት አጠገብ ያሉ ጌም ቤቶች ይታሸጉ ተብሎ እየዞረ ነበር። በሬ ላይ "ጽሕፈት ቤት" የሚለውን አንብቦ ሊያልፍ ሲል ጥቁሩን ማሽን አየው። ጎብዬ ከተማ ያለ የወንድሙ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተጥዶ እንደሚውል ነገረኝ።

"ጽሕፈት ቤት ብለሽ ጌም ታጫውቻለሽ" አለ።

"አንድ ቀን አጫውቼ አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ክፈችው እስኪ።"

ከፈትሁት። ቢያሽገው የእህቴ ድካም ቀበሌ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሊለብስ ነው። ጽሑፉ ወረደ፣ ወፎቹ ወጡ። "እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለ። አላውቅም አልሁት፤ የሊኑክስ ምልክት መሆናቸውን የሰማሁት ኋላ ነው። ገጹ ሲመጣ ስሙን ጻፍሁለት። ስሙን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ እኔን አየ።

"አሁን ደግሞ አጫውችው።"

"አልችልም። እንዴት እንደሚጫወት አላውቅም።"

"ግን ይጫወታል?"

"መምህር ዳዊት ይጫወታል ይላል።"

አቶ አራጌ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግራ የገባው ሰው ነበር። ለአለቃው በጽሑፍ ማቅረብ ስላለበት "እንግዲያው ሪፖርቱን እዚሁ ጻፊልኝ" ብሎ ቃል በቃል ይነግረኝ ጀመር። "በወይዘሪት ዘይነባ ቤት ባደረግነው ፍተሻ፣ አንድ የጌም ማሽን..." አለና ቆመ።

"አንድ የጌም ማሽን፣ ይቀጥሉ።"

"...ሲጽፍ ተገኝቷል።" ራሱ ሰምቶት ደነገጠ። "ይሄን አለቃዬ ካነበበ ጠጥቼ የጻፍሁት ይመስለዋል። አጥፊው። አንድ ኮምፒውተር ተገኝቷል በይ።"

"ኮምፒውተር እኮ አይደለም" አልሁ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

"አንቺ ደግሞ ከማን ጋር ነሽ?"

ጸሐፊ የተባለውን ይጽፋል ብዬ "አንድ ኮምፒውተር" ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱን መንገዱን ተሻግሬ አትሜ ሰጠሁት፤ ፈረመ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞሮ አንዴ አየው። ዕቃው ተረፈ፤ እኔ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ፋጡማ ኮንትራቷን ጨርሳ የመጣች ዕለት ከአውቶቡስ ወርዳ ባጃጅ ይዛ በቀጥታ ሱቄ መጣች። ከስታለች፤ እጇ ሻክሯል። ተቃቅፈን አለቀስን። ልታየኝ ሳይሆን ማሽኑን ልታይ የመጣች ይመስል ሻንጣዋን እዚያው ወለሉ ላይ ከፈተችው። ከልብሶቿ መሃል አንድ አዲስ እጀታና የኳስ ሲዲዎች አወጣች።

"እስቲ ንገሪኝ" አለች፣ "በአንድ እጀታ እንዴት ስታጫውች ከረምሽ?"

ቴሌቪዥኑ ላይ የአንድ ሰው የውርስ ክስ ተከፍቶ ነበር። ፋጡማ አየችው። "ይሄ ምንድነው?"

"ሥራዬ ነው።"

"በዚህ ላይ ትጽፊያለሽ?"

"ኮምፒውተር ነው ብለው ሸጠውልሽ..."

"ማን ሸጠልኝ?"

"ነጋዴው።"

"የምን ነጋዴ እታለም? ማዳም ናት የሰጠችኝ።"

ከዚያ ነገረችኝ። የእኔ ኮምፒውተር እንደተቃጠለ ለአሠሪዋ ታወራላታለች። ሴትየዋ ትልቁ ልጇ ለትምህርት ሲሄድ ጥሎት የሄደውን ሁለት ዕቃ አወጣች፤ አንዱ ይህ ማሽን፣ ሌላው ላፕቶፕ። አንዱን ምረጪ አለቻት። ልጁ ማሽኑ ላይ ምን እንደጫነ ፋጡማም ማዳሟም አያውቁም።

"ላፕቶፕ ነበር?" አልኋት።

"ነበር።"

"ይሠራ ነበር?"

"አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ግን አስቤ ነው የተውሁት ወላሂ። የጓደኛዬ ወንድም ሮቢት ላይ በጌም ቤት ነው ቤት የሠራው። ስትጽፊ ዓይንሽ ያልቃል፣ ወገብሽ ያልቃል። ልጆቹ ይጫወቱ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ሒሳብ ተቀበይ ብዬ ይሄን መረጥሁልሽ።"

ሳቅም ለቅሶም አልመጣልኝም። በሰው ቤት ሆና ያሰበችው የእኔን ወገብ ነው። እኔ ደግሞ የእሷ ልብ እንዳይሰበር ብዬ፣ ያን ወገብ ማሽኑ ላይ አጉብጬው ከረምሁ። ባዶውን ሳጥን፣ የተቆረጠውን ስም፣ በፍላሽ የተሻገርሁትን መንገድ ነገርኋት።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ስደት ላይ ላለ ሰው ክፉ አይነገርም ብዬ።"

"ስለ ዕቃ መጠየቅ መርዶ ነው እንዴ?" አለችኝ።

አሁን ጽሕፈት ቤት ለሚከፍቱ ልጆች የምለው አንድ ነገር ነው። የሥራ ዕቃ የሚሰጣችሁ ሰው ቢመጣ፣ ምን እንድትሠሩበት አስቦ እንደሰጣችሁ ጠይቁት። ከዚያ የፈለጋችሁትን ሥሩበት።