ጣት የማታህል ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ጋብ ሲል አንዲት ልጅ ጃንጥላዋን እያራገፈች ሱቄ ገባች። መካኒሳ ያለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ልጅቷ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"እናቴ፣ ይሄን ፕሪንት ያድርጉልኝ። ግን ይቺን መስመር ማጥፋት ይቻላል?"

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የማስተርስ ውጤቷ ነው። ጥፊ የተባለችው መስመር ትምህርቱ የቅዳሜና እሁድ መሆኑን ትናገራለች።

"ምን አደረገችሽና ትጠፋለች?" አልኳት።

"ቀጣሪዎቹ ዊክኤንድ የሚለውን ሲያዩ ፊታቸው ይቀየራላ!"

እጄ ስልኩ ላይ እንዳለ ቀረ። ልጅቷ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ እኔ ግን የማየው ጋሽ ታደለን ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ነፋስ ስልክ አንድ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ማንበብን በወጉ የተማርኩት እዚያ ነው ብል አልዋሸሁም። የሰው ወረቀት እያባዛሁ አነባለሁ፤ የማን ትዳር እንደፈረሰ፣ ማን ከማን ጋር ውርስ እንደሚካሰስ፣ የማን ኩላሊት ጠጠር እንዳለበት ሳልወድ በግዴ አውቅ ነበር። ማሽናችን አሮጌ ነው፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር ያትማል። ያችን መስመር የትም ባያት የኛ ሱቅ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ።

ጋሽ ታደለ ከሱቃችን ከፍ ብሎ ባለ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ወደ አርባ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ማታ ትምህርት ይሄዱ ነበር፤ አካውንቲንግ። በመንገዳቸው የክፍል ጽሑፍ ሊያስገለብጡ ይገባሉ። ክረምት ከሆነ ከደጃችን የተጠበሰ በቆሎ ይገዛሉ፤ እራታቸው እሱ ነው። ግማሹን ሰብረው ለእኔ ይሰጡኛል። ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ታዲያ ዝም ብለው አይቆሙም።

"ብርቄ፣ እስቲ የዚህን አሥራ አምስት በመቶ አስቢልኝ።"

"ጋሽ ታደለ፣ እኔ እኮ ኮፒ አንሺ ነኝ!"

"ኮፒ አንሺ ሆነሽ እንድትቀሪ ማን ፈረደብሽ?"

ከተሳሳትኩ በቆሎውን ወደ ኪሳቸው ይመልሱታል፤ ካገኘሁት ይሰጡኛል። መቶኛ የተማርኩት በሆዴ ነው። ሴት ልጃቸው ስታድግ አብዛኛውን ጊዜ ያይዋት ተኝታ እንደነበር የነገሩኝም እንዲያ ቆመው ነው።

ተመረቁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ አስገቡ። እኔ አባዛለሁ፣ እሳቸው ያስገባሉ፣ የሚጠራቸው የለም። ምክንያቱን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ዲግሪው ላይ ቀን ይሁን ማታ አይጻፍም። ስቱደንት ኮፒው፣ የትምህርቶቹና የውጤቶቹ ዝርዝር ያለበት ወረቀት፣ እሱ ነው አናቱ ላይ "ኤክስቴንሽን" የሚለው። "ይቺን ሲያዩ ወደ ጎን ያደርጉታል" አሉኝ አንድ ቀን በጣታቸው እየዳሰሷት።

በዚያው ሰሞን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ ጎረምሳ ቀይ ክዳን ያለው ዲፕሎማ ይዞ መጥቶ የዩኒቨርሲቲውን ስም አጉልቼ እንዳነሳለት ጠይቆኝ ነበር። ለእሱ ማጉላት ከተቻለ ለእኚህ ሰው ማጥፋት ለምን ያቅተኛል? ይህ ሐሳብ የመጣው ከእኔ ነው። እሳቸው አልጠየቁኝም። ይህንን ሳልሸፍን መናገር አለብኝ።

"ጋሽ ታደለ፣ ይቺን ቃል ላስቀርልዎት?"

"እንዴት አድርገሽ?"

ከነጭ ወረቀት ጠርዝ ጣት የማታህል ቁራጭ ቆርጬ ቃሏ ላይ አስቀመጥኩና መስተዋቱ ላይ ደፋሁት። የወጣው ወረቀት ንጹሕ ነበር። ቃሏ የነበረችበት ቦታ ባዶ፤ ድሮም ምንም እንዳልተጻፈበት።

ወረቀቱን ይዘው ብዙ ቆሙ። "ብርቄ፣ ይሄ ነውር አይሆንም?"

"አልጻፍንበትም እኮ፤ ሸፈን ነው ያደረግነው" አልኳቸው። በብልጠቴ ኮርቼ ነበር።

ቁራጯ መስተዋቱ ላይ ተጣብቃ ቀርታ ቀጥሎ የመጡት የእድር ጸሐፊ የአባላት ዝርዝራቸውን ሲያዩ ጮኹ። "አንቺ ልጅ፣ ሳይታመም ሳይለቀስለት አንድ አባል ቀበርሽብኝ እኮ!" አሉ፤ አንድ ስም ቁራጯ ሥር ጠፍቶ ነበር። ጋሽ ታደለም እኔም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

በሦስተኛው ሳምንት ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለፈተና ተጠሩ። አለፉ። ሰኞ ዋናውን ማስረጃና ከነበሩበት ሥራ መልቀቂያ ይዘው እንዲቀርቡ ተነገራቸው። "ዋናውን" የሚለው አሳሰባቸው። እኔ ግን "ዲግሪውን አይተው ይመልሱልዎታል" አልኳቸው፤ ከምን ተነስቼ እንደሆነ እንጃ። ዓርብ መልቀቂያቸውን ወሰዱ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አስረከቡ። ባልደረቦቻቸው አዋጥተው ክራባት ገዙላቸው። ሰኞ ጠዋት ክራባቱን አስረው ደጃችን ላይ ቆሙና "እስቲ እዪኝ፤ አካውንታንት እመስላለሁ?" አሉኝ። ይመስሉ ነበር።

ከምሳ በኋላ ተመለሱ። ክራባቱ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ዋናውን ስቱደንት ኮፒና እኔ ያነሳሁትን ጎን ለጎን አድርገው እንዳመሳከሩባቸው ነገሩኝ። "ሐሰተኛ ማስረጃ አሉት" አሉኝ፣ የሌላ ሰው ነገር የሚያወሩ ይመስል። ለፋብሪካው ደብዳቤ እንደሚጻፍም ነግረዋቸዋል።

በማግስቱ ለማንም ሳልናገር ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጥበቃውን ለምኜ ገባሁ። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ሹራብ ደርበው ሻይ ይጠጣሉ፤ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ዲግሪያቸው በመስተዋት ተሰቅሏል። ሌሊቱን ያጠናሁትን ውሸት አወጣሁት።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኮፒውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የማሽናችን መስተዋት ቆሽሾ ነው ቃሏ ያልወጣችው።"

ሴትዮዋ አልተቆጡም። ወረቀቱን አውጥተው ወደ እኔ አዞሩት። "ልጄ፣ መስተዋት ሲቆሽሽ ወረቀቱ ይጠቁራል እንጂ ይነጣል?"

ሥራዬን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

"ማታ መማሩን ብናውቅ እኮ ምንም አልነበረም" አሉ። "እኔም ማታ ነው የተማርኩት። ቃል የሚሸፍን ሰው ግን ሒሳብ ክፍል አላስቀምጥም።"

ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ዲግሪ አየሁት። ዲግሪ ላይ ቀን ይሁን ማታ አይጻፍም። ስወጣ ደግሞ በሩ አጠገብ አንድ ካርቶን ሞልቶ የተቀመጠ ማመልከቻ ነበር። ከላይ ያለው ወረቀት ግርጌ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር አለችው። የእኛ ሱቅ ሥራ ነው። አናቱ ላይ "ኤክስቴንሽን" ይላል። የተጣለ ይሁን ተራ የሚጠብቅ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ፋብሪካው ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነበር፤ ከደብዳቤው በኋላ ደግሞ በሩንም ዘጋባቸው። ጋሽ ታደለ ለቡ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሲሠራ የሌሊት ዘበኛ ሆኑ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን መጽሐፎቻቸውን በማዳበሪያ ጭነው ሱቁ አምጥተው አስቀመጡልኝ።

"ውሰጃቸው፤ ከእንግዲህ ምን ያደርጉልኛል?"

"ጋሽ ታደለ፣ እኔ ነኝ ጉድ የሠራሁዎት።"

"ተይ እንዲህ አትበይ። እጄ ላይ ይዤው ነበር እኮ፤ መቅደድ እችል ነበር።"

ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሱቁ አልገቡም። ሲያልፉ አያለሁ፤ በማዶ በኩል ነው የሚሄዱት። በቆሎ ሻጯ ጋ እንኳ አይቆሙም። ውጭ ተምሮ የመጣውን ጎረምሳ ግን ዓመት ሙሉ አየሁት፤ ዲፕሎማው እዚህ አገር ከየትኛው ጋር አቻ እንደሆነ የሚያስረዳ ደብዳቤ ሲያስገለብጥ ነበር።

እኔ በእነዚያ መጽሐፎች ሒሳብ አያያዝ ተማርኩ። ኅዳጋቸው ላይ የጋሽ ታደለ እጅ ጽሑፍ አለ፤ ደቃቃ፣ የደከመ ሰው ጽሑፍ፤ ገጽ መሐል ደግሞ የደረቀ የበቆሎ ፍሬ ይገኛል። ዛሬ ይቺን ሱቅ የማስተዳድረው በእሳቸው ሰባት ዓመት ነው።

ይህንን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። ጃንጥላዋን ተደግፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣

"እሳቸው ግን ቢያንስ ለፈተና ተጠርተዋል" አለችኝ።

ሃያ ምናምን ዓመት ሳወጣ ሳወርደው በዚህ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። ቃሏ እያለች ሁለት ዓመት ማንም አልጠራቸውም። በተሸፈነች በሦስተኛው ሳምንት ተጠሩ።

መስመሯን ሳልነካ አተምኩላት። ወረቀቱን ጃኬቷ ውስጥ ከታ ወጣች። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል፤ ጭቃውን እየዘለለች ተሻግራ ማዶ ያለው ኮፒ ቤት ስትገባ በበሩ አየኋት። ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ብዬ?