ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

አቤቱታችን ተሰማ። ምነው ባልተሰማ እንዳልል፣ ስጮህ የከረምኩት እኔው ነኝ።

ሱሉልታ ቤቴን ስሠራ ከጀርባዬ የነበረው የገብስ ማሳ ነው። ቆሻሻ መድፊያው የመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ ቆፈሩ፣ ከዚያ የቆሻሻ መኪና ሁሉ እየመጣ ይገለብጥ ጀመር። ዝንቡስ ይሁን፣ ሽታውንም ለመድነው እንበል፤ የጉድጓድ ውሃችን ግን ጠቆረ። ልብስ እንኳ አይታጠብበትም። ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት አንድ ደንብ እንዳለ ሰማሁ፤ መድፊያና መኖሪያ ቤት መራራቅ አለባቸው ይላል። እሰይ! «ደንቡ ይከበር!» እያልኩ ነዝንዤ ነዝንዤ አሰለቸኋቸው።

አንድ ጠዋት ሁለት ተቆጣጣሪዎች ረጅም ሜትር ይዘው መጡ። ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» የሚላቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያሉ አመሰገኗቸው። እኔማ ምን ልሁን! አንደኛው ጥቅልሉን ይዞ መድፊያው አጥር ጋ ቆመ፣ እኔ ጫፉን ተቀብዬ እስከ ግቢዬ በር ጎተትኩላቸው። ወጣቱ ተቆጣጣሪ አብሮኝ መጣና ቁጥሩን አየ።

«ቀርቧል» አለ።

«በጣም እንጂ!» አልኩ። እልል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ቀይ ቀለም አወጣና የእኔ በር ላይ ትልቅ ኤክስ አደረገበት።

«ምን እያደረግክ ነው አንተ?»

«እትዬ፣ ደንቡ እኮ ነው። መድፊያ አጠገብ ቤት አይፈቀድም። ይለቃሉ።»

«ማን? እኔ?»

«ደንቡ ይከበር ያሉት እርስዎ አይደሉ?»

ደሜ ፈላ። «እንዴ! እኔ ነኝ ወደ ቆሻሻው የሄድኩት ወይስ እሱ ነው ወደ እኔ የመጣው? የቤቴን ካርታ ላምጣልህ? እሱስ ካርታ አለው?»

«በቃ ሜትሩን ይልቀቁልኝ፣ ገና የምንለካው ቤት አለ» አለ። ያ ቤት የኦቦ ነው፤ ተወልደው ያረጁበት።

«አልለቅም!»

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ እትዬ!»

«ቤቱስ የእኔ ንብረት አይደል? ሁለቱንም አልለቅም። ደንቡ ያለው ርቀት ከእኔ በር ይጀምር። የሚሞላበት ቦታ ድረስ ሂዱና ኤክሳችሁን እዚያ ቀቡ!»

እሱ ጎተተ፣ እኔም ጎተትኩ። ይህን ጊዜ ኦቦ ከዘራቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ሄዱ። ጥቅልሉን ከሁለተኛው ተቆጣጣሪ እጅ ወሰዱ። ከሽማግሌ ጋር ይታገላል? ሰጣቸው። ሜትሩን እየተረተሩ በመኪናው መግቢያ ዘልቀው ቆሻሻው መሃል ገቡ። ሊገለብጥ የነበረ መኪና ቆመ። ሜትሩ አልቆ እጃቸውን ሲይዛቸው ወደ እኛ ዞሩ።

«ደንቡ ሞላ?» ብለው ጮኹ።

«አልሞላም ኦቦ!» አልኳቸው። «እኔ አልለቅም፣ እርስዎም እንዳይለቁ!»