ሁሉ የሞላበት አገር

ባለቤቴ እኔን ስታገባ ሁለተኛ ጋብቻዋ ነበር። የፊተኛው ባሏ ደሃና ወረዳ ውስጥ የታወቀ ባለጸጋ ነው። እንደ አገሩ ልማድ ወደ አባቷ ቤት ልትሰነብት ሄዳ በዚያው ቀረችበት፤ ለምን እንደ ሆነ ለማንም አልተናገረችም። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ፣ ሰቆጣ ላይ አስተማሪ፣ ከደመወዜ በቀር አንድ ፍየል እንኳ የሌለኝ ሰው ነበርኩ። እኔንም እንዲሁ ትተወኛለች ብዬ መፍራት የጀመርኩት ገና በሠርጉ ማግሥት ነው።

መጀመሪያ ላይ ብዙም አልተነጋገርንም። አፍ የፈታችው በአገውኛ ስለ ሆነ አማርኛውን እየመረጠች ነበር የምትናገረው፤ እኔ ደግሞ ስፈራ ዝም እላለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ልብ ወለድ እጽፍ ነበር። በዓለም ላይ ስለሌለ መንግሥት ነው። የአገሩን ካርታ በአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ስዬ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ለጋስነቴ ወሰን አልነበረውም፤ ወርቁንም ጨውንም ማሩንም ጤፉንም በዋናው ከተማ ዙሪያ አፍስሼዋለሁ።

አንድ ቀን ጌሾ እየቀነጠሰች ቀና ብላ አየችውና ምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። አሞሌ ጭነው ሲጓዙ የሳልኳቸውን ነጋዴዎች ጭምር ነገርኳት። አባቷ ከትግራይ በኩል አሞሌ ጨው በአህያ የሚያመጡ ሲራራ ነጋዴ ስለ ነበሩ፣ ፊደል ባትቆጥርም መንገድ ታውቃለች።

"እነዚህ ነጋዴዎች ወዴት ነው የሚሄዱት?"

"ወንዙን ተሻግረው ወደ ከተማው።"

"በየትኛው ወር?"

"በሐምሌ" አልኩ።

"እንግዲያ ሞተዋል" አለች፣ ከጌሾዋ ሳትነሳ። "እነዚህ ሰዎች በሐምሌ ተከዜ ሲሞላ አይተው አያውቁም? ቢሻገሩስ አሞሌው ሟሙቶ ምን ሊሸጡ ነው?"

ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት የምመለሰው በሩጫ ነበር ማለት ይቻላል። እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እፍቃለሁ፣ እንደገና እስላለሁ። ጨውን የአሥራ አምስት ቀን መንገድ አርቃ በረሃ አወረደችው። ገበያውን ከተራራው አናት አንስታ፣ ደገኛው ገብሱን፣ ቆለኛው ማሽላውን ይዞ እኩል ደክመው የሚገናኙበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ከተማውን ግን አልወደደችውም።

"ሁሉ ያለው ከተማ ወደ ማን ይሄዳል? ማንንስ ይናፍቃል?" አለችኝ። ጣቷን ከተማው ላይ እንዳሳረፈች፣ "የፊተኛው ቤቴ እንዲህ ነበር። ጎተራው ሙሉ፣ አሽከሩ ሙሉ። ኖርኩም አልኖርኩም የሚጎድልበት ሰው አልነበረም" አለች።

እኔ ግን ካርታውን መፋቄን ቀጠልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ግንቦት ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ሳምንት አለፈ፣ ወር ሊሞላ ሆነ። ቤቱ ጭር አለብኝ፤ እንደ ወደድኳት ለራሴ ያመንኩት ያኔ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ሄደው እንዲመልሱልኝ ሦስት ሽማግሌዎች ለመንኩ። ትልቁ የነፍስ አባቴ ነበሩ።

"አይዞህ" አሉኝ። "ደመወዝተኛነትህን፣ የቆርቆሮ ቤትህን፣ ሁሉን እናነሳለን።"

"አባ፣ እሱን ይተዉትና እሷ ከሄደች የጎደለኝን ይንገሩልኝ።"

"አብደሃል? ሽማግሌ የሚላከው ገመና ሊሸፍን ነው ወይስ ሊገልጥ?"

ቢሆንም እያጉረመረሙ ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ሲመለሱ ከኋላቸው በበቅሎ ላይ እሷን አየሁ። ሮጬ የበቅሎዋን ልጓም ያዝኩ። አባ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን እያወለቁ ነገሩኝ፦

"በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሽምግልና አላየሁም። ብቻውን መብላት አይሆንለትም አልን። የጀመረውን መጽሐፍ ትቶታል አልን። የሚያጫውተው የለም፣ ቤት መግባት ፈርቶ ደጅ ያመሻል አልን። አባቷ በሐፍረት መሬት መሬት ያያሉ። ገና ብዙ ይቀረን ነበር። እሷ ከጓዳ ብቅ አለችና፣ 'ይበቃል አባ፤ እኔም ከመጣሁ ጀምሮ እህል በወጉ አልወረደልኝም። በቅሎው ይጫንልኝ' አለች።"